የአዞው ኩታ ሌላኛው ግማሽ

ሁለቱ የኩታ ግማሾች በተገናኙበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በፕራይታና መንደር በትልቁ ቤት ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የቤቱ ጌታ ሟቹ ኡምቡ ሁንጉ፣ እህታቸው ራምቡ ታንጉ፣ የሟች ሚስት ወንድም የሆነው ኡምቡ ንዲሉ፣ የወደቧ ከተማ የዋይንጋፑ ደላላ መልኪ፣ እና ከኦሳካ የመጣችው ነጋዴ ኪሚዬ። (ኡምቡ ለወንድ፣ ራምቡ ለሴት የአክብሮት መጠሪያ ነው።) ደጃፉ ላይ ደግሞ የነሐሱን ደወል የሚመቱ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያንቀላፉ ነበር። ዛሬ የመንደሩ ሰው ሁሉ «እኔም ነበርኩ» ይላል። ውሸቱን ነው። ወለሉ ቀርከሃ ስለሆነ ያን ሁሉ ሰው አይችልም።

ኡምቡ ሁንጉ ከሞቱ ወራት አልፈው ነበር። አልተቀበሩም። የመቃብሩ ድንጋይ ገና አልተጎተተም፣ የሚታረዱት ጎሾችም አልተሟሉም። ስለዚህ እንደ ወጉ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ በኩታ ላይ ኩታ ተጠቅልለው፣ በቤታቸው ቀኝ ማዕዘን ተቀምጠዋል። ራምቡ ታንጉ ጠዋት ጠዋት «ኡምቡ፣ ነግቷል» ይሏቸዋል፤ የሚታኘከውን የፒናንግ ፍሬ ከነቅጠሉ ፊታቸው ያስቀምጣሉ፤ የመንደሩን ወሬ አንድ በአንድ ያወሩላቸዋል። ወንድምዬው በሕይወት ሳሉ እንዲህ ዝም ብለው ሰምተዋቸው አያውቁም ይባላል።

የነገሩ መነሻ ግን ከመንደሩ ሩቅ ነው።

ኪሚዬ በኦሳካ የአንገት ልብስና የትከሻ ቦርሳ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። አንድ ጊዜ ከሌላ ቦታ የገዛችው ቀይ ኩታ በመስኮቷ ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ታመመ ሰው ገረጣ። ቀለሙ ከዛፍ ሥር ሳይሆን ከፓኬት ዱቄት የወጣ ኖሯል። ደንበኞቿ ፊት አፈረች። ስለዚህ ወደ ንዲሉ ሚስት፣ ወደ ራምቡ ዪዋ ስትመጣ በቃል ብቻ ልትታመን አልፈለገችም።

እዚህ አገር የወንድ ኩታ ሁለት ሆኖ ተሸምኖ መሐል ለመሐል ይሰፋል። የሁለቱ ግማሾች ድር አብሮ ይቋጠራል፣ አብሮ ቀለም ውስጥ ይገባል፣ አብሮ ይደርቃል። ከአንድ እናት የወጡ መንትዮች ናቸው። ኪሚዬ ይህን ስታውቅ፣ ዪዋ የሠራችውን አዞ ያለበትን ቀይ ኩታ መረጠችና ስፌቱን አስፈታችው።

«ይኸኛውን ግማሽ መስኮቴ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ፀሐይ ይምታው» አለች በመልኪ አስተርጓሚነት። «ያኛው በሣጥንሽ ጨለማ ውስጥ ይቆይ። ስመለስ ጎን ለጎን እናደርጋቸዋለን። ቀዩ ቀዩን ከመሰለ፣ ሴቶቹ የሠሩትን የአንገት ልብስና ቦርሳ ሁሉ እወስዳለሁ። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ። ካልመሰለ ግን በሰላም እንለያያለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንደሩ ሴቶች የሸመና ዕቃቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሸመኑ። ቤቷ ቦታ ያልነበራት ጎረቤት ሄዳ ሸመነች። ዪዋም የራሷን ግማሽ አጥፋ ሣጥኑ ታች፣ ከሁሉ በታች አስቀመጠችው።

ንዲሉ ይህን ሁሉ ሰምቷል። ኪሚዬ በመጣችበት ሳምንት ፈረስ ሊያይ ወደ መሎሎ ወርዶ ስለነበር ለሁለት የተከፈለው ኩታ የትኛው እንደሆነ ግን አላየም፤ መጥቶም አልጠየቀም። ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸምን እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ፒናንግ ሲያኝክ ነው የኖረው። ስለ ኩታ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሞቃል።

ኡምቡ ሁንጉ የሞቱ ቀን ዪዋ የሰማያዊው ቀለም ጎጆ ውስጥ ነበረች። ወደዚያ ጎጆ ወንድ አይገባም። ሙት ቤት የዋለ ሰውማ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ አጥሩንም አይጠጋም፤ ከተጠጋ ጋኑ ውስጥ ያለው ቀለም ይሞታል፣ ክሩም እንደ አመድ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሟቹ አማቿ ቢሆኑም ዪዋ መሄድ አልቻለችም። ከውስጥ ሆና ጮኸች።

«አንተ! ከሣጥኑ ላይ ያለውን የአውራ ዶሮውን ኩታ ይዘህ ሂድ!»

«እሺ!»

«ከላይ ያለውን!»

«ሰምቻለሁ እኮ!»

ሰምቷል። ሣጥኑን ሲከፍት የአውራ ዶሮው ኩታ ከላይ ነበር። አነሣው፣ ወደ ብርሃኑ ያዘው። ሳሳ ያለ መሰለው። ያን ጊዜ ያለፈው ዓመት ቀብር ትዝ አለው። ራምቡ ታንጉ እሱ ያመጣውን ኩታ በሰው ሁሉ ፊት ከፍ አድርገው አይተው «ንዲሉ፣ ይህ ለሙት ነው ለዓሣ ማጥመጃ?» ብለውት ነበር። ሰው ሁሉ ስቋል። የሟቹ ዘመዶች እስካሁን ወንዝ ዳር ሲያገኙት «ዛሬ ስንት ያዝክ?» ይሉታል።

ንዲሉ የአውራ ዶሮውን ወደ ጎን አደረገና ወደ ታች ቆፈረ። ከሁሉ ታች አዞው ብቅ አለ። ቀዩ እንደ ፍም ነበር። አዞ ደግሞ የተራ ሰው ምልክት አይደለም። ብብቱ ሥር ከተተውና ወጣ። መንገድ ላይ አንገቱ ረዝሞ ነበር ይላሉ ያዩት።

ትልቁ ቤት ሲደርስ ኩታውን እንደ ታጠፈ ተቀበሉት። ሴቶቹ ቀዩን አይተው አፋቸውን ያዙ። ራምቡ ታንጉ እንኳን ምንም አላሉም፤ ከእሳቸው ዝምታ የሚበልጥ ምስጋና የለም። ንዲሉ የአሳማ ሥጋ ቀረበለት፤ እየበላ ዙሪያውን አየ፤ ዓለም ጥሩ ቦታ ናት አለ በልቡ።

ከዚያ ሴቶቹ ኩታውን ዘርግተው ለሟቹ ሊደርቡላቸው ተነሡ። ቀኝ ትከሻቸው ላይ ደረሰ። ግራው ላይ አልደረሰም። ሳብ አደረጉት። ግራው ሲሸፈን ቀኙ ወጣ።

ሴቶቹ ኩታውን እንደያዙ ወደ ንዲሉ ዞሩ።

«ንዲሉ» አሉ ራምቡ ታንጉ።

«አቤት፣ እመቤቴ።»

«ወንድሜ ስንት ትከሻ ነበረው?»

«ሁለት ነበራቸው፣ እመቤቴ።»

«እንዲያው ልጠይቅህ ብዬ ነው። አንተ የምታስታውሰው አንዱን ብቻ መሰለኝ።»

ለሁለት የተከፈለው ኩታ የትኛው እንደሆነ ለንዲሉ ያን ጊዜ ነው የገባው። ያን ሁሉ ሰው አየ፤ ወንዝ ዳር የሚጠብቀውን ሳቅ አሰበ፤ ምላሱ ሳይጠይቀው ተናገረ።

«ሌላው ግማሽ በመንገድ ላይ ነው።»

«ከየት የሚመጣ?»

«ከ... ከኦሳካ።»

«ኦሳካ የት ነው? ከመሎሎ ወዲህ ነው ወዲያ?»

«ወዲያ ነው፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው እንጠብቃለን» አሉ ራምቡ ታንጉ። «ወንድሜ እንደሆነ የሚሄድበት የለውም።»

ከዚያ በኋላ ሌሎች ብዙ ኩታዎች መጡ፤ ራምቡ ታንጉ ግን ሁሉንም ከሥር እያደረጉ ግማሹን አዞ ከላይ ተዉት። የገባ ሁሉ ያየው ዘንድ ነው። በወጉ የሚስት ወገን ኩታ ሲያመጣ የባል ወገን ፈረስ ይሰጣል። ንዲሉ ስለ ፈረሱ ቢያነሣ «ለግማሽ ኩታ? የቱን ልስጥህ? የፊት እግሩን ነው የኋላውን?» አሉት። ሁለተኛ አላነሣም።

መልሶ መውሰዱንማ ማንም አያስበውም። ሙት የነካው የሙት ነው። በአባቶች ዘመን አንድ ሰው ከሟች ወገብ ላይ መቀነት ሰረቀ ይባላል። ሟቹ በየቀኑ እየመጣ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ «በረደኝ» ይለው ጀመር። ሰውዬው በመጨረሻ መቀነቱን ብቻ ሳይሆን የራሱን ብርድ ልብስም ጨምሮ መለሰ።

ንዲሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከአጥሩ ሩቅ ቆመ። ዪዋ ከቀለሙ ጎጆ ውስጥ ድምፁን ሰማች።

«ሰጠህ?»

«ሰጠሁ!»

«ምን አሉ?»

ንዲሉ ትንሽ አሰበ። «ተገረሙ!»

«በአውራ ዶሮው?»

«ኧረ እንዴት ተገረሙ!»

ከውስጥ ሴቶቹ ሲስቁ ተሰማ። ንዲሉ ውሸት አልተናገርኩም ብሎ ራሱን እያጽናና ሄደ።

እንደ ልቡ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ቀን፣ ባይሆን በሁለተኛው ሳምንት ይነግራት ነበር። ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገጥማል። ወይ እሷ ደክሟታል፣ ወይ እሱ አሁን በላ፣ ወይ ጎረቤት መጣ። እንዲህ እንዲህ ሲል መልኪ ከዋይንጋፑ ደወለ። ኪሚዬ ቅዳሜ ትደርሳለች።

ዪዋ እጇን ታጥባ ወደ ቤት ወጣች። ንዲሉ ከቤቱ ሥር፣ ከአሳማዎቹ ጋር ነበር። በቀርከሃው ወለል ስንጥቅ የሣጥኑ ክዳን ሲነሣ ሰማ። ዕቃ አንድ በአንድ ሲወጣ ሰማ።

«ንዲሉ።»

«እዚህ ነኝ።»

«ይህ አውራ ዶሮ እዚህ ምን ይሠራል?»

«የቱ አውራ ዶሮ?»

«ከኡምቡ ሁንጉ ጋር የሄደው አውራ ዶሮ።»

ንዲሉ አሳማዋን አየ። አሳማዋም ፊቷን አዞረች።

«ተመልሶ መጣ ማለት ነው?» አለች ዪዋ ከላይ። «ከሙት ቤት በእግሩ መጣ? አዞውስ የት ሄደ? ዶሮውን ፈርቶ ሸሸ?»

«ራምቡ፣ ልነግርሽ ነበር እኮ።»

«መቼ? ስትሞት? እኔ ነኝ ያኔ የምደርብልህ፤ አንተንስ በጆንያ ነው የምጠቀልልህ! አንተ ሰውዬ፣ ዓመት ሙሉ የዚህ መንደር ሴት ወገቧ እስኪቆረጥ የሸመነችበትን ነገር ወስደህ ለሬሳ ደረብከው?»

«ለአማቻችን ነው እንጂ ለማንም አይደለም...»

«ግማሹን! ሙሉ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው! ሰው እንዴት ግማሽ ኩታ ተሸክሞ ሲሄድ ክብደቱ አይነግረውም?»

እውነትም ቀሎት ነበር፤ እሱ ግን ከደስታው መስሎት ነበር።

ዪዋ ብዙ ጊዜ ተቆጥታ ብዙ ጊዜ አሰበች። አዞውን ማውጣት አይቻልም። ኪሚዬ ደግሞ ሁለቱን ግማሾች ሳታይ አንድ የአንገት ልብስ አትገዛም። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ኪሚዬን ወደ ሟቹ መውሰድ። ዪዋ ራሷ እንዳትሄድ ጋኑ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ገና ሕያው ነው፤ የሚቀጥለው ክር ሁሉ የሚነከርበት እሱ ነው።

«አንተ ትወስዳታለህ» አለችው። «የሷን ግማሽ በእጇ ትያዝ። በክንድ ርቀት ቆማ ታስተያይ። አይንካ! ከነካ እሱም የኡምቡ ሁንጉ ነው፤ ሴትዮዋ ባዶ እጇን ተቆጥታ ትሄዳለች፣ እኔም በመንደሩ ሴት ፊት የምቆምበት ፊት የለኝም። ገባህ?»

«አይነካም።»

«ፒናንግ ደግሞ እንዳትጎርስ። አፍህ ሲሞላ ትፈዛለህ።»

«አልጎርስም። በፈረሴ እምላለሁ።»

«ፈረስ የለህም።»

«በሚመጣው ፈረሴ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኪሚዬ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ደረሰች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጥቂት የምትናገር ሴት ናት። ዪዋ የሆነውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻት። መልኪ ግን የዪዋን ረጅም ንግግር በአጭሩ ተረጎመው።

«ምን አልካት?» አለች ዪዋ።

«ኩታው አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ዘንድ ነው አልኳት።»

«መሞታቸውንስ?»

«ራምቡ፣ እኔ ንግድ ላይ ነው ያደግሁት። በሚሸጥ ዕቃ ላይ ‹ሬሳ› የሚል ቃል አይነገርም። ቀስ ብላ ታውቀዋለች።»

ኪሚዬ ሽማግሌ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም ብላ ከሻንጣዋ አንድ ቆርቆሮ ብስኩት አወጣች። ሦስቱ ወደ ትልቁ ቤት ወጡ።

ውስጡ ጨለም ያለ ነበር። ራምቡ ታንጉ ከሟቹ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር፤ የኦሳካዋ ሴት መምጣት ጎህ ሳይቀድ ነው ጆሯቸው የደረሰው።

«ኡምቡ» አሉ ወደ ወንድማቸው ዘንበል ብለው፤ «እንግዳ መጥታለች። ከኦሳካ ናት። ከመሎሎ ወዲያ ነው።»

ኪሚዬ ወደ ማዕዘኑ ዞራ ከወገቧ ጎንበስ አለች። ሽማግሌው አልመለሱላትም። ዘግይተው ያዩኝ ይሆናል ብላ ይበልጥ ጎንበስ አለች። አሁንም ዝም። ወደ መልኪ ዞረች።

«ተቆጥተዋል? አይናገሩም።»

«አይ፣ አልተቆጡም። እንዲያው አይናገሩም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መልኪ ጣሪያውን አየ። «ከሞቱ ጀምሮ» አለ።

ንዲሉ አሁን ትሮጣለች ብሎ በሩን ለቀቀላት። ኪሚዬ ግን አልሮጠችም። ጥቂት ቆማ ሽማግሌውን አየቻቸው። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ከሁለቱ ይልቅ ዝቅ ብላ፣ እጅ ነሣች። የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍታ በሁለት እጇ ፊታቸው አስቀመጠች።

ራምቡ ታንጉ ጭናቸውን መታ መታ አደረጉ። «ይቺን ሰው አሳድጓታል። አየህ ንዲሉ? አንደኛ ባዶ እጇን አልመጣችም። ሁለተኛ ግማሽ ብስኩት አላመጣችም።»

ተቀመጡ። ፒናንግ ቀረበ። ኪሚዬ ትንሽ ቁራጭ ወስዳ እንደ መድኃኒት ጉንጯ ሥር ደበቀችው። ለንዲሉ የቀረበለት ግን የሁለት ሰው ያህል ነበር።

«ዛሬ ጥርሴን አሞኛል፣ እመቤቴ» አለ።

«የወንድሜን ፒናንግ ነው እምቢ የምትለው?»

«ኧረ...»

«ኡምቡ፣ ሰምተሃል? የሚስትህ ወንድም ተጸየፈህ።»

ንዲሉ ከሟቹና ከሚስቱ ማንን የበለጠ እንደሚፈራ ማሰብ ጀመረ። ሟቹ ቅርብ ነበሩ። ጎረሰ። አብሮ የሚታኘከው ኖራና ቅጠል ከፍሬው ጋር ሲገናኙ አፉ በቀይ ምራቅ ሞላ። መትፊያው ቀርከሃ ከበሩ አጠገብ ነው፤ በሟቹና በእንግዳዋ መሐል ማለፍ ነውር ነው፤ በሟቹ ፊት መትፋትማ አይታሰብም። ከንፈሩን ገጥሞ ተቀመጠ።

ኪሚዬ ቦርሳዋን ከፈተች። ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ግማሽ አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችው። በክንድ ርቀት ቆመች። ልክ ዪዋ እንዳለችው ነበር። ንዲሉ በአፍንጫው ተነፈሰ።

ግን ቤቱ ጨለማ ነው። ኪሚዬ ዓይኗን ጠበብ አደረገች። በጣሪያው ሣር ስንጥቅ አንዲት የብርሃን ክር ገብታ ያረፈችው በሟቹ ግራ ትከሻ አጠገብ ነበር። ኪሚዬ ብርሃኗን አየች። ራምቡ ታንጉም ኪሚዬ ብርሃኗን ስታይ አዩ።

«ቀረብ በይ ልጄ» አሉ በለሰለሰ ድምፅ። «እዚህ ጋ ይታይሻል። ወንድሜ አይነክስም።»

መልኪ ቶሎ ተረጎመ። ሲፈልግ ፈጣን ነው። ኪሚዬ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ምምም!» አለ ንዲሉ።

«ንዲሉም ደስ ብሎታል» አሉ ራምቡ ታንጉ።

«ምምምም!»

«በጣም ደስ ብሎታል።»

ሊውጠው ይችል ነበር። ኋላ ዪዋ ይህንኑ ጠይቃዋለች። ያንን ሁሉ ኖራና ጭማቂ መዋጥ ሆድ ያቃጥላል፣ ግን አይገድልም። እውነቱን ለመናገር አፉ ቢሞላም ልቡ ዝም አላለም ነበር። «ሌላው ግማሽ በመንገድ ላይ ነው» ካለ ጀምሮ ሕፃን ሽማግሌው «ኡምቡ ንዲሉ፣ ግማሹ የት ደረሰ? ባሕሩን ተሻገረ?» ሲለው ከርሟል። አሁን ግማሹ ባሕሩን ተሻግሯል፣ መንገዱን ጨርሷል፣ ከሟቹ ትከሻ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። ንዲሉ ሦስተኛውን «ምምም» ሊል ጀመረና ተወው።

ኪሚዬ ግማሿን ከግማሹ ጎን አሳረፈች።

ዳር ከዳር ገጠመ። የአዞው ጅራት ጅራቱን አገኘ። ቀዩ ቀዩን አገኘ። ኪሚዬ ወደ ብርሃኗ ጎንበስ ብላ ጣቷን ከአንዱ ወደ ሌላው አሳለፈች፤ የት ላይ እንደተሻገረች አላወቀችውም። በረጅሙ ተነፈሰች።

«ወንድሜ ሙሉ ሰው ሆነ!» ብለው ራምቡ ታንጉ ጮኹ።

ደጃፍ ያንቀላፉት ሽማግሌዎች ብድግ ብለው ደወሉን መቱ። ከታች ሴቶች እልል አሉ። አሳማዎቹ ሮጡ። ኪሚዬ ደንግጣ ኩታዋን ልታነሣ እጇን ሰደደች፤ የራምቡ ታንጉ እጅ ግን ቀድሞ ኩታው ላይ ነበር። እጁ የተቀመጠው በቀስታ ነው። የተቀመጠው እንደ መቃብር ድንጋይ ነው።

መልኪ ላቡን እየጠረገ ሲያስረዳት ኪሚዬ ሳታቋርጥ ሰማችው። ከዚያ ወደ ንዲሉ ዞረች።

«ቢነካ እንደማይመለስ ታውቅ ነበር?»

ንዲሉ ያን ጊዜ ዋጠው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ ጆሮው ቀላ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ለምን አልነገርሽኝም ብላ ትጠይቅሃለች... ማለቴ አልነገርከኝም» አለ መልኪ፤ እሱም ግራ ገብቶት ነበር።

ንዲሉ አፉን አሳየ። ከዚያ እጁን አወረደ። «መናገር እችል ነበር» አለ። «አልቸኮልኩም።»

ኪሚዬ ብዙ አየችው። ፊቷ ላይ ምን እንዳለ መልኪም ሊተረጉም አልቻለም።

ራምቡ ታንጉ ግን ሥራቸውን አልረሱም። ኩታ ላመጣ ፈረስ ይሰጣል። ከግቢው አንድ ቀይ ፈረስ ሳቡና አመጡ፤ ሆዱ ሰፊ፣ ዓይኑ ተንኮለኛ ነበር። ኪሚዬ በአውሮፕላን ነው የመጣሁት አለች። ራምቡ ታንጉ ይህ የእሷ ጉዳይ ነው አሉ፤ ፈረስ እምቢ ማለት ሟቹን እምቢ ማለት ነው።

«ኩታው ከሁለት ሰው ነው የመጣው» አሉ ቀጥለው። «ስለዚህ ፈረሱም የሁለት ነው። ግማሹ የሷ፣ ግማሹ የንዲሉ።»

«የትኛው ግማሽ ነው የኔ፣ እመቤቴ?» አለ ንዲሉ፤ ፈረስ ሲያይ ፍርሃቱን ይረሳል።

«የሚበላው የአንተ ነው። የሚያምረው የሷ ነው።»

ወደ ዪዋ ቤት ሲመለሱ ንዲሉ ፈረሱን እየጎተተ ከፊት ሄደ። ኪሚዬ ከኋላ ነበረች። መልኪ ሁለት ጊዜ ሊያጫውታት ሞክሮ ተወው። ንዲሉ የፈረሱን ኮቴ እየሰማ ሴቶቹን አሰበ፤ በየቤቱ ታጥፎ የተከመረውን የአንገት ልብስ አሰበ፤ ፈረሱ እየከበደው ሄደ።

ዪዋ የደወሉን ድምፅ ሰምታ ከቀለም ጎጆው ወጥታ፣ ከአጥሩ ርቃ ቆማ ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው። ከኋላዋ ሴቶቹ ተደርድረዋል። ንዲሉ ከአጥሩ ሩቅ ቆመ። ዪዋ ፈረሱን አየች። ሌላ የሚጠየቅ አልነበረም፤ እሷ ግን ጠየቀች።

«ነካ?»

«ነካ።»

«ጎረስክ?»

«ጎረስኩ።»

ሁሉም ጩኸቷን ጠበቁ። ዪዋ አልጮኸችም። የሩዝ ሙቀጫው ላይ ተቀመጠችና ሰማያዊ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ንዲሉ ይህን ሲያይ ብትሰድበው ተመኘ።

ኪሚዬ ከፊቷ መጥታ ቆመች። መናገር ጀመረች። መልኪ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳያሳጥር ተረጎመ።

«የኔን ግማሽ ዓመት ሙሉ ፀሐይ መታው። ያንቺን ግማሽ ሣጥንና ሙት ያዘው። ጎን ለጎን ባደረግኋቸው ጊዜ ድንበራቸውን አጣሁት። ከኦሳካ የመጣሁት ይህን ለማየት ነበር። አየሁ።»

ዪዋ ቀና አለች።

«መስኮቴ ባዶ ሆኗል» አለች ኪሚዬ። «ሌላ ኩታ ትሠሪልኛለሽ። ሠርተሽ እስክትጨርሺ ግማሹን ባልሽ የማያውቀው ቦታ አስቀምጪ።»

«እሱማ ቀላል ነው» አለች ዪዋ። «ሥራ ያለበትን ቦታ ሁሉ እሱ አያውቀውም።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም። ኪሚዬ መልኪ እስኪተረጉምላት ጠብቃ እሷም ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ንዲሉ መሳቅ ይፈቀድለት እንደሆነ ለማወቅ ወደ ሚስቱ አየ። አልተፈቀደለትም።

«በሉ የአንገት ልብሶቹን አምጡ» አለች ኪሚዬ፤ ሴቶቹ ሳይተረጎምላቸው ገብቷቸው ወደየቤታቸው ሮጡ።

የአንገት ልብሱና ቦርሳው ሰኞ ዕለት በጭነት መኪና ወደ ዋይንጋፑ ወረደ፤ ከዚያ በመርከብ ተጫነ። ፈረሱ ንዲሉ ግቢ ቀረ፤ ሣር የሚያጭደውና ፋንድያ የሚጠርገው ንዲሉ ነው፤ ኪሚዬ ስትመጣ አንገቱን ታሻሸዋለች። ኡምቡ ሁንጉ በሚቀጥለው ዓመት ተቀበሩ። እንደ ወጉ ኩታ ለሰጠ ዘመድ ሁሉ ጥሪ ተላከ፤ ወደ ኦሳካም ተላከ። ኪሚዬ ኩታ ይዛ መጣች። ራምቡ ታንጉ በሰው ሁሉ ፊት ዘርግተው ከዳር እስከ ዳር በስንዝር ለኩት። ሙሉ ነበር።